የውሃው ሰዓት

ቤታችን በእንጨት ቅልጥም ቆሟል፣ ባሕሩ ውስጥ፣ ቺሎዌ ደሴት፤
ዝናብ እዚህ እንግዳ አይደለም፤ ደጅ ሳይመታ የሚገባ ጎረቤት።
በቀን ሁለት ጊዜ ውሃው ወለላችን ሥር ይሞላል፤
በቀን ሁለት ጊዜ ጭቃውን አራቁቶ ይጎድላል፤
ጀልባው ሲነሳ፣ ጀልባው በጎኑ ሲጋደም
አይተን እናውቃለን፤ ሰዓት ገዝተን አናውቅም።

ሊሳንድሮን አቅፌ የገባሁ ለት ባሕሩ ሞልቶ ነበር፤
ኦርቴንሲያ በሩ ላይ፣ አራት ዓመቷ፣ ቀይ ቦቲ፣ አፏ ውስጥ የፀጉሯ ዳር፣
"ውሃው ነው ያመጣው?" አለች።
ስፌቴ ያመኛል፤ እንገሬ ልብሴን አልፎ ይንጠባጠባል፤
"እህ" አልኳት።
የደከማት እናት እህታ ልጅ ጆሮ ውስጥ ገብቶ
መሐላ ይሆናል፤ ማን ነገረኝ ቀድሞ መጥቶ?

ከዚያ ጠበቀች። ያመጣ ውሃ መውሰዱ አይቀርምና
መስኮቱ ሥር በርጩማ ስባ፣ አገጯን መዳፏ ላይ ጣለችና፣
ወፎቹ ጭቃው ላይ ለለቀማ እስኪወርዱ።
ስንቅ ቋጠረችለት ለመንገዱ፦
አንድ ቅቅል ድንች፣ ሐምራዊ፣ ከነልጣጩ፣
ከራሷ ካልሲ አንዱን፣ የጥንዱ ብቻውን የቀረውን፤
ራስጌው አኖረችው። ጨዋ ናት፤ ባዶ እጁን አትሸኝም እንግዳ።
ውሃው ሄደ። እንግዳው ቀረ፤ ሸንቶ ካልሲውን አራሰው ማለዳ።

"ጀልባው አምልጦታል" አለችኝ፤ "ነገ ቀስቅሺው በጊዜ።"
እኔ ነቅቼ ነው የማድረው፣ ግማሹን በሕልም፣ ግማሹን በትካዜ።

ባልዶሜሮ ሳልሞን እርባታው ላይ ነው፤ አሥራ አራት ቀን ባሕር፣ ሰባት ቀን ቤት፤
"እንዴት ናችሁ?" ይላል በስልክ። ነፋሱ ሌላውን ይበላና "ደህና" የምትለዋ ውሸት
ብቻዋን ባሕሩን ትሻገራለች፣ ጠብታ ሳይነካት።

ዶኛ ፊዴሊሳ የዶሮ ሾርባ ይዛ መጣች፤
ሕፃኑን ሳመች፣ የልጅቷን አገጭ ያዝ አደረገች፦
"አሁንማ ትልቅ ሆነሻል!"
"ትናንት ግን ትንሽ ነበርኩ" አለች ኦርቴንሲያ።
ማንም አልመለሰላትም። ሾርባው ትኩስ ነበር።
እኔ ሰምቻታለሁ፤ አፌ ሙሉ ነበር።

አንድ ኃጢአት አለኝ፣ ቄሱ ያልሰማው፦
በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት፣ ለቅሶው ጣራውን ሲሸነቁረው፣
እኔም በወለሉ ስንጥቅ ቁልቁል አየሁ፣ ውሃው የት እንደደረሰ።
አቅፌው፣ "እሹሩሩ" እያልኩት፣ አየሁ።

"እኔስ?" አለችኝ በማግስቱ፣ ፀጉሯን ሳበጥር፤
"እኔን ያመጣኝ የትኛው ውሃ ነበር?"
ማበጠሪያው ቆመ። ለካስ ያቺ ልጄ
ተራዋን ነበር የምትጠብቀው፣ ተቀምጣ በደጄ።
"አንቺ በአውቶቡስ ነው የመጣሽው" አልኳት፣ "ጭኔ ላይ፤
አውቶቡሱም ተሰብሮ ቀርቷል፣ ዶሮ ያድርበታል ከኮረብታው በላይ።"
ይህ እውነት ነው። ብዙ አሰበችበት።

ትናንት ታላቁ ሙላት መጣ፣ በሙሉ ጨረቃ፤
ወለሉ ከታች ሲንኳኳ፣ ምሰሶው ሲንቃቃ
ደንግጬ ተነሳሁ። ጨለማው ውስጥ ግራጫ የሱፍ ክር
ከታናሹ ቁርጭምጭሚት ተነስቶ፣ ላላ ብሎ ዞሮ፣
በታላቂቱ የእጅ አንጓ ላይ ታስሮ፤
እሷ መሬት ላይ፣ ከነቦቲዋ፣ እንቅልፍ ወስዷታል።
ራስጌው አዲስ ድንች አለ። ግን ተገምጧል።

ክሩን አልፈታሁትም።
ሲያለቅስ ጎንበስ አልኩ፤ ክሩ የፈቀደልኝን ያህል ብቻ ቀና ብዬ
አጠባሁት፤ ወገቤ ተቆረጠ።
ከታች ውሃው ምሰሶውን ቀስ በቀስ ለቀቀ።
"ሄደ?" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
"ውሃው ነው" አልኳት።
እጇን ሳብ አደረገች፤ ክሩ ተወጠረ፤
ወዲያኛው ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ እግር ተፈራገጠ።